ገበያውና ዘፋኙ

በ2017 ዓ.ም. በገናና በጥምቀት መካከል በነበረው ቅዳሜ ምሽት፣ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ያደግን አራት ባልንጀሮች የሰፈራችን ተወላጅ የሆኑትን የአቶ ማሕሙድ አሕመድን የስንብት የሙዚቃ ትርዒት ለማየት ሄደን ነበር። ስለዚያ ምሽት ጥቂት ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ አሳባችን ዘፈኑን ለማመስገን ብቻ አይደለም። የአቶ ማሕሙድን ድምፅ ለማመስገን እኛ የምንበቃ አይደለንም፤ ሕዝቡም ከስልሳ ዓመት በላይ ሲያመሰግነው ኖሯል። ነገር ግን በአዳራሹ ውስጥ ቆመን ሳለን ከአራታችን አንዱ የተናገረው ቃል ከልባችን ሳይወጣ ስለ ቀረ፣ ቃሉ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን በታሪክ ልንመረምር ወደድን። የተናገረውም «እኚህ ሰውና መርካቶ እኩያ ናቸው» የሚል ነበር።

አስቀድመን ባልንጀሮቻችንን ለአንባቢ እናስተዋውቅ። አንደኛው በዋሽንግተን ከተማ አካባቢ ከተቀመጠ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ መኪና እየነዳ ይተዳደራል፤ ለበዓል ወደ አገሩ ሲመጣ ይህ ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው። ሦስተኛው ከአባቱ በወረሰው ሱቅ በሸማ ተራ ጨርቃ ጨርቅ ይነግድ የነበረ ነው። «የነበረ» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። አራተኛው እኛው ነን፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ስናገላብጥ የምንውል።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሣውን እሳት የማያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሱቆቹ እጅግ የተጠጋጉ፣ መተላለፊያው የጠበበ፣ በውስጡም የተከማቸው ጨርቅ ስለ ነበረ እሳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዝለል ብዙ አልተቸገረም። የባልንጀራችንም ሱቅ በዚያ ሌሊት ሄደ። ከእሳቱ ያተረፈው በኪሱ የነበረውን ቁልፍ ብቻ ነው። ቁልፉን እስካሁን ከኪሱ አላወጣውም፤ ለምን እንደ ያዘው ጠይቀነው አናውቅም።

በገና ዕለት ሁላችንም በእናታችን ቤት ተሰበሰብን። ነጋዴው ባልንጀራችን እስላም ነው፤ ይሁን እንጂ ለገና ወደ እናታችን ቤት ሳይመጣ የቀረበት ዓመት የለም፤ እኛም ለዒድ ከእናቱ ቤት ቀርተን አናውቅም። እናታችን የዶሮው ወጥ የእርሱ እንዳልሆነ ስለሚያውቁ፣ ከሁሉ አስቀድመው ድፎውን ቆርሰው ለእርሱ ያቀርባሉ። በዚያን ቀንም እንዲሁ ሆነ። ቡናው ሁለተኛ ሲወርድ ከአሜሪካ የመጣው ባልንጀራችን ከኪሱ አራት የመግቢያ ትኬት አወጣና በገበታው ላይ ደረደረ። ነጋዴው አንዷን በጣቱ መልሶ ገፋት። «ንብረቱ የተቃጠለበት ሰው ዘፈን ቤት ምን ይሠራል? ጎረቤቶቼ ምን ይሉኛል? እነርሱም እንደ እኔ ተቃጥለዋል» አለ።

ነገሩ እውነት ስለ ነበረ የምንመልስለት አጣን። በመጨረሻ የተናገሩት እናታችን ናቸው። «ልጄ፣ አባትህ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ አንተን ሳይጠብቁ ይሄዱ ነበር» አሉት። ይህም እውነት ነበር። አባቱ ሐጂ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሱቃቸው ግድግዳ ላይ ካሴት የሚያጫውት አንድ ራዲዮ ሰቅለው ከማለዳ እስከ ማታ የአቶ ማሕሙድን ዘፈን ያሰሙ ነበር። እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከሱቁ ደጃፍ ቆመን የሰማናቸው ዘፈኖች ቃላቸውን ሳንረዳ በቃላችን የያዝናቸው ናቸው። ገዢ በዋጋ ሲከራከራቸው ሐጂ የራዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርጉ እንደ ነበረ መምህሩ ሲያስታውስ ሁላችንም ሳቅን፤ ነጋዴውም ሳቀ። ትኬቷን ግን አላነሣም። በማግስቱ ከእናታችን ገበታ ላይ ብንፈልጋት አጣናት፤ ማን እንደ ወሰዳት ቅዳሜ ማታ አወቅን።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሰውዬውና ገበያው በእርግጥ እኩያ ናቸውን?

መርካቶን ብዙ ሰው ከከተማዋ ጋር አብሮ የተቆረቆረ ገበያ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ለሃምሳ ዓመት ያህል ዋናው ገበያ የነበረው በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። የአገሩ ምርት ሁሉ የሚወርደው፣ ዐዋጅ የሚነገረው፣ ወሬም የሚለዋወጠው በዚያ ነበር። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን በያዘ ጊዜ ግን ነጭና ጥቁር በአንድ ስፍራ እንዳይኖርና እንዳይገበያይ ፕላን አወጣ። አራዳ ለነጮቹ መደብርና ቡና ቤት ተለየና «ፒያሳ» ተባለ። የአገሩ ነጋዴ ደግሞ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ታዘዘ። የተመደበለትንም ስፍራ በቋንቋቸው የአገሬው ገበያ ለማለት «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አሉት። ሁለተኛው ቃል የንቀት ነበረና ሕዝቡ ጣለው፤ የመጀመሪያውን ግን ወስዶ የራሱ አደረገው። ስሙን ያወጡት ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ ተባረው ሲሄዱ፣ ለመለየትና ለማራቅ የሠሩት ገበያ ከሠሪዎቹ ተርፎ የአገሩ ሁሉ መገናኛ ሆነ። ታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በአንድ አካባቢ ተያይተው የቆሙበት፣ አዛኑና ቅዳሴው በአንድ ነፋስ የሚሰሙበት ሰፈር ይህ ነው። ከሸማ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ፣ ከበርበሬ በረንዳ እስከ አውቶቡስ ተራ ድረስ ያለውን ስም ሁሉ ያወጣው ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ሳይሆን ገበያተኛው ራሱ ነው።

አቶ ማሕሙድ አሕመድ የተወለዱት ሚያዝያ 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ከጉራጌ ወላጆች በዚሁ በመርካቶ ነው። ቀኑን አንባቢ ልብ ይበል። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ሕፃኑ የተወለደው የድሉ እልልታ ገና ሳይበርድ በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። ስለዚህ የባልንጀራችን ቃል በጥብቅ ሲመዘን ጥቂት ይጎድለዋል፤ ገበያው በጥቂት ዓመታት ይቀድማል። ነገር ግን ገበያው የነጻ ሰዎች ገበያ የሆነበትን ቀን ልደቱ ብለን ብንቆጥር ሁለቱ የሦስት ቀን ታላቅና ታናሽ ናቸው። እኛም ለባልንጀራችን ፈርደንለታል።

የዘፋኙ ልጅነት ከሌላው የመርካቶ ድኻ ልጅ ልጅነት የተለየ አልነበረም። በትምህርቱ ብዙ አልገፉም፤ ሊስትሮ ሆነው ጫማ ጠርገዋል። በኋላም አሪዞና በተባለ የሌሊት ክበብ ተቀጥረው የተገኘውን ሥራ ሁሉ ይሠሩ ጀመር። ታሪካቸው ከዚህ ላይ ከሌላ ረጅም ታሪክ ጋር ይገናኛልና፣ አንባቢ ታግሦን ጥቂት ወደ ኋላ እንሂድ።

በአገራችን እንደ መሰንቆ፣ ክራር፣ በገናና ዋሽንት ያለው መሣሪያ ጥንታዊ ሲሆን የናስ መሣሪያ ግን እንግዳ ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ንጉሥ የናስ መሣሪያዎች በስጦታ መጥተው ነበር። ነገሩ ሥር የያዘው ግን በ1916 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመኖች ገዳም ተጠግተው ያደጉ ሙዚቃ የሚያውቁ አርባ የሙት ልጆችን አዩ። ወላጆቻቸው በቱርክ አገር ካለቁት ወገን የነበሩ ናቸው። ልዑሉም ልጆቹን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸውና «አርባ ልጆች» ተባሉ። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን ደርሰው፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ገጥመው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መዝሙር ሆነ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በኋላ በማዘጋጃ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙ ሙዚቀኛ አሠለጠኑ። ቤት ያጡ ሕፃናት አንድን ከተማ ሙዚቃ ማስተማራቸው በእኛ ግምት ከታሪካችን ድንቆች አንዱ ነው፤ የሚገባውን ያህል ግን ሲነገር አንሰማም።

ከነጻነት በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት እያንዳንዳቸው የሙዚቃ ክፍል አቆሙ። በቀን ሰልፍ የሚያሰሙት ወታደሮች በሌሊት የከተማው ዘፈን ባለቤቶች ነበሩ። ዝናው የበዛው የክብር ዘበኛው ሲሆን፣ ጥላሁን ገሠሠ በወጣትነታቸው የዘፈኑት ከዚህ ጋር ነው። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሞክረው ሳይሳካ ቀረ። ጦሩ ትጥቁን ፈታ፤ ከሙዚቀኞቹም የታሰሩ ነበሩ፤ ጥላሁን ገሠሠም ከታሰሩት አንዱ ናቸው። መለከቱና ከበሮው በጠብመንጃው ጥፋት ተጠየቀ ማለት ነው።

አቶ ማሕሙድ በአሪዞና ክበብ ይሠሩ የነበሩት ይህ ካለፈ በኋላ፣ ባንዱ እንደገና ቆሞ ሙዚቀኞቹም ከሥራቸው ሲወጡ በዚያ ክበብ ያመሹ በነበረበት ጊዜ ነው። በ1954 ዓ.ም. አካባቢ በአንድ ሌሊት ዘፋኙ ሳይመጣ ቀረ። የሃያ አንድ ዓመቱ አገልጋይ ጥቂት ዘፈን እንዲዘፍን ፈቃድ ጠየቀ፤ ዘፈነ። ብዙ ሳይቆይም ከክብር ዘበኛ ባንድ ገባና እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ አብሮ ሠራ።

ይህ ታሪክ ሁልጊዜ እንደ ዕድል ይተረካል። እኛ በዚህ አንስማማም። ዕድል የሠራው ሥራ ቢኖር ያኛውን ዘፋኝ ማስቀረቱ ብቻ ነው። በዚያች ሌሊት ያ ወጣት የባንዱን ዘፈኖች፣ የአጃቢዎቹን ልማድ፣ የመግቢያውንና የማቆሚያውን ስፍራ ባያውቅ ኖሮ የተከፈተው በር ለውርደቱ በተከፈተ ነበር። ዕቃ ሲያነሣና ሲጥል ጆሮው ሲማር ከርሟል። የመርካቶ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ የሚማርበት ሥርዓት ይኸው ነው፤ ከባለ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ጨርቅ ሲለካ ያየ ልጅ አንድ ቀን ባለ ሱቁ ሲታመም ክንዱን ዘርግቶ ይለካል። ነጋዴው ባልንጀራችንም ሱቁን የተረከበው እንደዚሁ ነበር፤ አባቱ በታመሙ ማግስት ማንም ሳያዘው ከፈተው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ዘመን የሸክላ ዘመን ነው። ሙዚቃ በሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ይኖር ነበር። በ1961 ዓ.ም. ግን ዐምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ ደፍረው በራሳቸው ስም ያሳትሙ ጀመር። በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ዐሥራ ሁለት ያህል ትልልቆች አወጡ። አቶ ማሕሙድም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከእርሳቸውና በኋላም ዓሊ አብደላ ካይፋ ከተባሉት አሳታሚ ጋር ሠርተዋል። ሁለቱም አሳታሚዎች የሙዚቃ ምሁር አልነበሩም፤ ሕዝቡ ምን መስማት እንደሚወድ በገበያ የተማሩ ነጋዴዎች ነበሩ። ዛሬ የዓለም ሊቃውንት «የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን» እያሉ የሚጽፉለት ሥራ በአብዛኛው የባለ ሱቅ ድፍረት ፍሬ መሆኑን ስናስብ፣ እኛ ጸሓፊዎች በነጋዴ ላይ ያለንን ንቀት ልንቀንስ ይገባናል።

በ1967 ዓ.ም. አቶ ማሕሙድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር «ኧረ መላ መላ» የተሰኘውን ሥራ አሳተሙ። ዓመቱን ልብ ይሏል። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው የወረዱት በዚያው ዓመት በመስከረም ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ለሙዚቃው ግን ከሁሉ የከበደው ሰዓት እላፊ ነበር። ከተማይቱ ሲመሽ ትዘጋለች። ሌሊት የሚሠራ ሙዚቀኛ ሌሊቱን ተነጠቀ። ከዚህ የተነሣ በትልልቅ ሆቴሎች አንድ አዲስ ልማድ መጣ። ሰው ሳይመሽ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ሰዓት እላፊው እስኪያበቃ ድረስ ባንዱ ሲጫወት፣ ሰውም ሲጨፍር ያድራል። አይቤክስ በራስ ሆቴል፣ ዋልያስ በሒልተን ያሳደሯቸው ሌሊቶች ዛሬም በአባቶቻችን ዘንድ ይወራሉ። ሐጂ ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ፣ «እኛ በደስታ ሳይሆን በር ተዘግቶብን ነው የጨፈርነው» ይሉ እንደ ነበረ ልጃቸው አጫውቶናል።

በ1973 ዓ.ም. ዋልያስ ባንድ አቶ ማሕሙድን ይዞ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። በዚያ ለተበተነው ኢትዮጵያዊ የአገሩን ዘፈን ከባንዱ ጋር ይዞ ለመሄድ ከመጀመሪያዎቹ የሚቆጠር ጉዞ ነው። ጉዞው ሲያበቃ ከሙዚቀኞቹ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዱ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ከመኪናቸው ውስጥ ትንሽ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። በ2005 ዓ.ም. አሮጌ ካሴታቸው በአሜሪካ እንደገና ሲታተም ወደ መድረክ ተመለሱ። ከአሜሪካ የመጣው ባልንጀራችን ይህን ታሪክ በገና ዕለት ሲነግረን ድምፁ ጥቂት ተለወጠ፤ እርሱም በዚያችው ከተማ መሪ ይዞ እንደሚውል አስታወስን።

አቶ ማሕሙድ ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሰዓት እላፊው ዘመን ከሮሐ ባንድ ጋር ካሴት ሲያወጡ፣ በፒያሳም የሙዚቃ መደብር ከፍተው ሲሠሩ ኖሩ። የቀሩትን መንቀፍ የእኛ ሥራ አይደለም፤ በቀሩት ላይ ለመፍረድ በዚያ ዘመን መኖር ያስፈልጋል። ሐጂ በሱቃቸው ያጫወቷቸው ካሴቶች የተሠሩት ግን ዘፋኙ ተመልሰው በመምጣታቸው ነው። ቢቀሩ ኖሮ የእኛ የልጅነት ዘፈን ሌላ በሆነ ነበር።

የውጭው ዓለም እኚህን ሰው ያወቀው ዘግይቶ ነው። በ1978 ዓ.ም. በቤልጅግ ብራስልስ «ኧረ መላ መላ» ታተመ። ከ1990 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮም ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ የድሮውን ሸክላ በተከታታይ ሲያወጡ ከአንድ በላይ የሆነው ክፍል የአቶ ማሕሙድ ድርሻ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቢቢሲ ራዲዮ የዓለም ሙዚቃ ሽልማቱን ለአፍሪካ ከመደበው ክፍል ሰጣቸው። እኛ በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ዜናው ሲነገር ሐጂ ከሱቃቸው ደጃፍ ወጥተው ለመንገደኛው ሁሉ፣ «አሁን ነው የሰሙት? እኔ ከስንት ዓመት በፊት ሰምቻለሁ!» ሲሉ በዐይናችን አይተናል።

ወደ ቅዳሜው ምሽት እንመለስ። ከአዳራሹ በር ላይ ሦስታችን ቆመን ሳለን ነጋዴው ባልንጀራችን ከሰልፉ መካከል ብቅ አለ። ጺሙን ተላጭቷል፤ የዒድ ጃኬቱን ለብሷል። ምንም አልጠየቅነውም፤ እርሱም ምንም አልተናገረም። ውስጥ ስንገባ የተሰበሰበውን ሕዝብ አይተን ተደነቅን። አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጥተዋል። ከባሕር ማዶ ለበዓል የገቡት በሻንጣቸው የተጨማደደ የሐበሻ ልብስ ለብሰዋል። ከጎናችን የቆሙ አንዲት እናት ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ነበር፤ ሲጠየቁ «በኋላ ስጨፍር ያሰናክለኛል» አሉ፤ እንደተናገሩትም አደረጉ።

ዘፋኙ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ከመድረክ ወጡ። በሕዝቡ መካከል የተነሣው ድምፅ ከጩኸት ይልቅ አንድ ሰው በብዙ አፍ «እሰይ» እንደሚል ያለ ነበር። ስለ ድምፃቸው አንጽፍም ብለናል፤ ቃላችንን እንጠብቅ። ይህን ብቻ እንበል። ሽማግሌ ዘፋኝ እንደ ወጣትነቱ ይዘፍን ዘንድ የሚጠብቅ ሰው ይሳሳታል። ትንፋሽ ያጠረበት ስፍራ ሲደርስ ሕዝቡ ቀድሞ ይቀበለዋል፤ እርሱም ሲያርፍ ሕዝቡ ይጨርሰዋል። በዚያች ሌሊት ከዘፈኑ ስንት እጁ የእርሳቸው፣ ስንት እጁ የእኛ እንደ ነበረ ለመለየት አይቻልም። መምህሩ፣ በክፍል ውስጥ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርገው ሰው፣ በማግስቱ ድምፁ ተዘግቶ በምልክት ሲያነጋግረን ዋለ።

ነጋዴው ግን ለረጅም ጊዜ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ትከሻውም አልተነቃነቀ። አልፎ አልፎ ዐይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ከአሜሪካ የመጣው በክንዱ ነካው። በዚያን ጊዜ ነው ዐይኑን ሳይገልጥ «እኚህ ሰውና መርካቶ እኩያ ናቸው፤ አባቴ ይለኝ ነበር» ያለው። ጥቂት ቆየና ደግሞ፣ «እኔ ካሴቶቹን አላወጣኋቸውም። ጨርቁን ለማውጣት ስሯሯጥ ካሴቶቹን ረሳኋቸው። ጨርቁንም አላወጣሁ» አለ። እንግዲህ ለሁለት ወር ተኩል ይዞት የኖረው ነገር ይህ ነበር። የተቃጠለበትን ዕቃ ዋጋ ለብዙ ሰው ነግሯል፤ ስለ አባቱ ካሴቶች ግን ለማንም አልተናገረም። ከገንዘቡ ጋር ሲነጻጸር ለመናገር የሚያሳፍር ሆኖ ታይቶት ነበር።

እኛም የምንለው አጣን። ዘፈኑ ግን አላቆመም፤ ሌላ ተጀመረ። በመካከሉ ነጋዴው ባልንጀራችን እጁን ፈታ።

ሌሊቱ ሲጋመስ ከአዳራሹ ወጣን። ብርዱ የጥር ነበር። ከአሜሪካ የመጣው የልጅነት ሰፈሩን ለማየት ቢለምነን፣ መኪና ተከራይተን ወደ መርካቶ ሄድን። እርሱ ከሄደ በኋላ ብዙ ነገር ተለውጧል። ስናልፍ በ2016 ዓ.ም. የፈረሰውን የፒያሳውን ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በመስኮት ሲፈልገው ቆየና፣ ስፍራውን እንዳለፈው ስንነግረው ዝም አለ። ከሸማ ተራ አጠገብ ወርደን በእግራችን ገባን። በቀን ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋበት መንገድ ባዶ ነበር። የአመዱ ሽታ ጠፍቷል፤ ነገር ግን ግድግዳው ላይ እጅ ያሳረፈ ሰው ጥቁር ይዞ ይመለሳል።

ነጋዴው ከፊት ከፊት ሄደ። ከአንድ ስፍራ ሲደርስ ቆመና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። የሚከፍተው በር አልነበረም። መምህሩ በስልኩ መብራት አበራለት። ባልንጀራችን ከአንድ ጥቁር ምሰሶ ተነሥቶ በእርምጃ ለካ፤ ሦስት ተራመደና ቆመ። ዞር ብሎ እጁን ከራሱ በላይ ከፍ አደረገና ባዶውን አየር በቁልፉ ጫፍ ነካ።

«ራዲዮው እዚህ ላይ ነበር» አለ።

በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ዱላቸውን ይዘው በባትሪ እያበሩብን መጡ። «በዚህ ሌሊት እናንተ እነማን ናችሁ?» ሲሉ ጠየቁ። ከአሜሪካ የመጣው ለመመለስ አፉን ሲከፍት ነጋዴው ቀደመው።

«የቤቱ ሰዎች ነን፣ አባባ» አላቸው።

ሽማግሌውም ባትሪያቸውን አጥፍተው ከጎናችን ቆሙ።